ዶክመንተሪ በኦንላይን አሳይተን ሰዉን ወደ ሥራ እንዴት እናስገባው?

የጋይንት ልጅ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው።

እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን የደቡብ ጎንደር ልጆች ትንሽ ስብስብ አለችን። ለሐዘንም ለደስታም የምንጠራራባት ናት። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ እሑድ እሑድ በዙም እየተገናኘን ስለ ደን፣ ስለ አፈርና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተሠሩ ዶክመንተሪዎችን እናያለን። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችንም ኔት ሲፈቅድላቸው ይገባሉ። እኛ ጋ ቀን 7 ሰዓት ሲሆን እዚያ ምሽት 2 ሰዓት ነው። ከቅዳሴ መልስ ስለሆነ ሰው አይጠፋም።

ሰዉን በጣም የነካው ጄረሚ ሳይፈርት ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የሠራው አጭር ፊልም ነው። ካላያችሁት እዩት። ካሜራው ከላይ ሲያሳይ ዙሪያው ሁሉ የታረሰ መሬት ነው። መሐሉ ላይ ክብ አረንጓዴ ይታያል። የአረንጓዴው እምብርት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አለ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይናገሩበታል። የእኛው አገር ነው እኮ! አንዳንዶቻችን ክርስትና የተነሳንበት ዓይነት ደብር።

ከዚያስ? ሰው አለቀሰ። ቻቱ በልብ ምልክት ተሞላ። «ችግኝ እንትከል»፣ «ደኑን በድንጋይ ካብ እናጥረው»፣ «ገንዘብ እናዋጣ»፣ «ኮሚቴ ይቋቋም» ተባለ። ማክሰኞ ላይ ግሩፑ ውስጥ የሚላላከው የሠርግ ቪዲዮ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ፊልም፣ ሌላ ለቅሶ።

ከፊልም ተነስቶ የሚጨበጥ ነገር የሠራ ማኅበረሰብ ታውቃላችሁ? እንዴት አድርገው?

ሰሜን ለንደን

ማክሰኞ ላይ መርሳት የእናንተ ብቻ አይደለም። ተጠንቷል።

እ.ኤ.አ. በ2009 እዚህ እንግሊዝ አገር «ዘ ኤጅ ኦፍ ስቱፒድ» የሚባል የፍራኒ አርምስትሮንግ ፊልም ወጣ። ሬቸል ሃውል የምትባል ተመራማሪ ተመልካቾቹን ከፊልሙ በፊት ጠየቀቻቸው። ወዲያው ሲወጡ ደግማ ጠየቀቻቸው። ከ10 እስከ 14 ሳምንት ካለፈ በኋላም ተመለሰችባቸው። ከአዳራሽ ሲወጡ ስጋቱም «አንድ ነገር ላድርግ» የሚለው ስሜትም ጨምሯል። ከሳምንታት በኋላ ግን ጭማሪው አልዘለቀም።

አሜሪካም እንደዚያው ነው። የአል ጎር «አን ኢንኮንቪኒየንት ትሩዝ» በ2006 ሲወጣ ግራንት ጃኮብሰን የሚባል ኢኮኖሚስት አንድ ነገር አየ። ፊልሙን ባሳዩት ሲኒማ ቤቶች ዙሪያ፣ በ10 ማይል ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚገዙት የካርቦን ማካካሻ (የራሳቸውን ጭስ የሚያካክስ ሥራ ሌላ ቦታ እንዲሠራ የሚከፍሉት) በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ 50 በመቶ ያህል ጨምሯል። ከዓመት በኋላ ሲፈለግ የዘለቀ ነገር እምብዛም አልተገኘም።

እኔ ከዚህ የምወስደው «ፊልም አይሠራም» የሚለውን አይደለም። ሰዉ በሞቀበት ሰሞን የሚገዛው ነገር ስለነበረ ገዝቷል። ሙቀቱ አጭር ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ምን እጁ ላይ አስቀመጣችሁለት? «ኮሚቴ ይቋቋም» እጅ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

የ«ኤጅ ኦፍ ስቱፒድ» ሰዎች ሁለት ብልህ ነገር ሠርተዋል። አንደኛ፣ ማንም ሰው የማሳያ ፈቃድ ገዝቶ በሰፈሩ አዳራሽ እንዲያሳይና ትርፉን ራሱ እንዲይዝ ፈቀዱ። ሁለተኛ፣ በዚያው ዓመት 10፡10 የሚባል ዘመቻ ጀመሩ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በ2010 የራስህን የካርቦን ልቀት በ10 በመቶ ቀንስ። ቁጥሩም ጊዜውም ይታወቃል።

ዲኤ ነኝ

ሰላም ወንድሜ የጋይንት ልጅ። እኔ እዚያው ዞን ውስጥ የልማት ሠራተኛ ነኝ። ወረዳዬን አልጠራም።

ገበሬው አፈሩ መሄዱን ለማወቅ ፊልም አያስፈልገውም። በሐምሌ ወንዙ ቀይ ሆኖ ሲወርድ የሚሄደው የእሱ ማሳ መሆኑን ያውቃል። እሱ የሚፈልገው እንደሱ ያለ ሌላ ሰው ምን አድርጎ እንደተሻለው ማየት ነው።

እኛ አገር በዚህ ላይ ልምድ አለ። ዲጂታል ግሪን የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ህንድ ውስጥ፣ ከማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ነው የተነሳው። በኋላ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ እዚህም ሠርቷል። ቪዲዮው እዚያው አካባቢ ይቀረፃል። የሚሠራውም የሚያስረዳውም ገበሬው ራሱ ነው። ርዝመቱ አጭር ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ይያዛል። ግድግዳ ከሌለ ነጠላ ተወጥሮ ይታያል። መሐል ላይ ይቆምና «አሁን ምን አደረገ? ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሞከረ፣ ማን እንደተወው በየቤቱ ክትትል አለ። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ላይ ፈትሾት ነበር። ቪዲዮ የታየባቸው ቀበሌዎች ውስጥ አሠራሩን ያወቀውም የሞከረውም ገበሬ በዝቶ ተገኝቷል።

ቪዲዮ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? «ይሄ ሰውዬ የየት ቀበሌ ነው?» ጎረቤት ቀበሌ ከሆነ ጆሮ ይሰጣሉ። ሩቅ ከሆነ «እዚያማ ዝናብ አለ» ብለው ይነሳሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ኔት ላይ ብዙ አትመኩ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ቪዲዮ ይዞር የነበረው በሚሞሪ ካርድና ያለ ኔት ከስልክ ስልክ ፋይል በሚያስተላልፈው በዜንደር ነው። አሁንም ገጠር ውስጥ የሚያስተማምነው እሱ ነው።

ግልጹን

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በነፍስ ወከፍ ብናይ አንድ አሜሪካ የሚኖር ሰው በዓመት ወደ 14 ቶን ይለቃል። አንድ ኢትዮጵያዊ 0.2 ቶን እንኳ አይደርስም። እና ሜሪላንድ ተቀምጦ፣ ሁለት መኪና አቁሞ፣ በዙም «የጋይንት ገበሬ ዛፍ ይትከል» ማለት ምንድነው? ፊልሙ መታየት ያለበት ለማን ነው? ገበሬው ጥፋተኛ ሆኖ ነው የሚማረው?

የጋይንት ልጅ

ግልጹን፣ ቁጥሩ ላይ ልክ ነህ። ሁለት መኪና የለኝም እንጂ።

ግን ደኑን የምንፈልገው የአሜሪካን ጭስ እንዲውጥልን አይደለም። ደኑ ያለበት ደብር ሥር ምንጭ አለ። ንብ አለ። አፈሩ አይሄድም። ዝናቡ ሲዛባ መጀመሪያ የሚጎዳው ገበሬው ነው፤ ደኑ የሚጠቅመውም ለሱ ነው። ይሄ ጥፋተኛ ማድረግ አይመስለኝም።

በዚህ በኩል ያለውን የራሳችንን ድርሻ ግን ጨርሶ አላነሳነውም። ይሄ ትክክል ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የራሳችን ድርሻ ከተባለ እኔ አንድ ልበል። ሜሪላንድ ውስጥ የራሱ ጣሪያ የሌለው ተከራይም «ኮሚውኒቲ ሶላር» ላይ መመዝገብ ይችላል። ሌላ ቦታ ከተተከለ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ድርሻ ትወስዳለህ፤ በመብራት ቢልህ ላይ ይታሰብልሃል። እኛ ሕንጻ ውስጥ ያለው አበሻ አብዛኛው ይሄን አያውቅም። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሰው ይፈራዋል። ውሉን ግን አንብቡ፤ መውጫው ቀላል መሆኑን ሳታዩ አትፈርሙ። ከፊልሙ በኋላ ሃያ ደቂቃ ወስዶ አንድ ሰው ስክሪኑን እያሳየ ቢያስሞላ፣ በዚያ እሑድ ብቻ ብዙ ሰው ይመዘገባል።

የታክሲና የኡበር ሾፌሮቻችንም አሉ። ኢትዮጵያ እንኳ በ2024 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። እኛ እዚህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ስናወራ እንደ ቅንጦት እናየዋለን።

ከሪያድ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እንዲህ ዓይነት ዙም ላይ ገብቼ አውቃለሁ። ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

ካሜራ ክፈቱ አትበሉ። እኔ የምገባው ልብስ እየተኮስኩ፣ አንድ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ነው። ፊልሙን በቀጥታ ማየት አልችልም። ቀድማችሁ በቴሌግራም ላኩልን። ማታ ሥራ ሲያልቅ፣ ዋይፋይ ሲኖር እናወርደዋለን። ስብሰባው ላይ ወሬውን ብቻ እንስማ። የማይመቸው ደግሞ በድምፅ መልእክት ይላክ። እኔ እኩለ ሌሊት ላይ ነው ሐሳቤን የምልከው። እንደሌለሁ አትቁጠሩኝ።

ሁለተኛው፣ «ገንዘብ አዋጡ» ስትሉ ምን እንደሚሠራበት ንገሩን። «ለአካባቢ ጥበቃ» አይገባኝም። «ለደብሩ ካብ፣ ከዚህ እስከዚህ» ብትሉኝ እሰጣለሁ።

ሦስተኛው ነው ዋናው። ይሄን ያጥሩታል ያላችሁትን ደን እኔ አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል፤ የእኛም ሰፈር እንደዚያ ነው። አባቴ ላም አለችው፣ በሬም አለው። በበጋ ሣር ሲጠፋ ከብቱ የሚገባው እዚያ ደን ውስጥ ነው። ታጠረ እንበል። የአባቴ ላም የት ትሂድ? ፊልሙ ላይ ይሄን የሚጠይቅ ሰው አላየሁም።

ዲኤ ነኝ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሁሉም ነገር የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ችግኝ መትከል ከንቱ ነው። በሐምሌ ይተከላል፣ በጥር ፍየል ትጨርሰዋለች። የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥም ትልልቆቹ ወይራና ጽድ አሉ፤ ከሥራቸው ግን ልጅ ዛፍ የለም። ከብቱ ይረግጠዋል፣ ይበላዋል። አሮጌው ሲወድቅ የሚተካው የለም። ለዚህ ነው ካብ ያስፈለገው።

ከብቱ የት ይሂድ ላልሽው፣ ተፋሰስ ላይ የምናደርገውን ልንገርሽ። ተራራው ከንክኪ ነፃ ይሆናል። ሣሩ ያድጋል። ሲደርስ ታጭዶ ለአባወራው ይከፋፈላል፤ ከብቱ በረት ታስሮ ይበላል። ከተያዘ ሣሩ ከድሮው ይበዛል። ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ናቸው። ሴቶቹና ልጆቹ ላይ ሥራ ይጨምራል፤ ሣር አጭዶ የሚሸከመው ማን ሆነና? ብዙ ከብት ያለው ሰው ይቃወማል፤ ልቅ ግጦሽ የሚጠቅመው እሱን ነው። ይሄን ሳትነጋገሩ ካብ ብትክቡ በሌሊት ይፈርሳል።

ስለዚህ ማሳየት ካለባችሁ ስለ ዛፍ ብቻ አታሳዩ። በረት ውስጥ አስሮ የሚቀልብ ገበሬ አሳዩ። ሚስቱን አናግሩ። ወተቱ ጨመረ ወይ? ድካሙስ?

ዲያቆን ነኝ ከደብረ ታቦር

በስመ አብ። ጥሩ ውይይት ነው።

ካቡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ብታውቁ ሐሳቡ ይበልጥ ይገባችኋል። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ባለሙያ ሜግ ሎውማን ከካህናቱ ጋር ሲሠሩ ድንጋዩ የተለቀመው ከዙሪያው ማሳ ነው። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ለማረስ ቀለለ። ደኑም ታጠረ። ገበሬው ድንጋይ የሚያነሳው ለደኑ ብሎ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ካብ መካብ ደግሞ ባለሙያ ከውጭ የሚመጣለት ሥራ አይደለም፤ አባቶቻችን የኖሩበት ነው።

የዚህ ውይይት ጥያቄ ስለ ማየት ስለሆነ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ። ለካህናቱ መጀመሪያ ያሳዩዋቸው ፊልም አይደለም። ከሳተላይት የተነሳ የየደብራቸውን ምስል ነው። የእኔ ደብር ደን ድሮ ምን ያህል ነበረ፣ አሁን ምን ያህል ቀረ? ካህኑ የራሱን ደብር ከላይ ሲያየው ሌላ ስብከት አላስፈለገውም።

እና እናንተ ከፊልሙ በኋላ የየራሳችሁን ደብር በጉግል ኧርዝ ክፈቱት። ዓመቱን ወደኋላ እየመለሱ ማየት ይቻላል።

የሚወስነው ግን ዙም ላይ ያለው ሰው አይደለም። ሰበካ ጉባኤው ነው፣ ቄስ ገበዙ ነው፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር ሳትነጋገሩ ገንዘብ ብትልኩ ጥል ትልካላችሁ።

አዲስ አበባ ኤዲተር

እኔ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። የቴክኒኩን ልናገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይበላሽበታል።

ዙም ላይ ፊልም ስታጋሩ «ድምፅ አጋራ» እና «ለቪዲዮ አመቻች» የሚሉትን ሁለቱንም ምልክት አድርጉ። አለበለዚያ ሰዉ የሚያየው ፎቶ ፎቶ ነው። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣችኋል። ከሪያድ ያለችው እህታችን ያለችው ይሻላል፤ ፊልሙን ቀድሞ መላክ፣ ዙሙን ለወሬ መጠበቅ። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል ይቀበላል። ጥራቱን 360 ላይ አድርጋችሁ ጨምቁት፤ ስልክ ላይ ይበቃል።

ግን ከመላካችሁ በፊት ፈቃድ። ዩቲዩብ ላይ ስላገኛችሁት የእናንተ ሆነ ማለት አይደለም። ሊንኩን መላክ አንድ ነገር ነው፤ ፋይሉን አውርዶ ማሰራጨት ወይም በሕዝብ ፊት ማሳየት ሌላ ነው። ለባለቤቱ ኢሜይል ጻፉ። ዶክመንተሪ ሠሪ ሥራው እንዲታይለት ይፈልጋል፤ ለማኅበረሰብ ማሳያ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚፈቅዱ አሉ። በአማርኛ ልናሰማው እንፈልጋለን ብላችሁም ጠይቁ።

አማርኛው ላይ ደግሞ፣ በሰብታይትል አትድከሙ። እናቴ ስልክ ላይ ያን ደቃቅ ጽሑፍ አታነብም። ቃና ቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ ሕዝቡ በድምፅ የተተረጎመ ነገር ለምዷል። ጥሩ ድምፅ ያለው አንድ ሰው፣ ስልክ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ መቅዳት፣ አለቀ። ጎንደሬ ድምፅ ቢሆን ደግሞ ምን ትፈልጋላችሁ!

ናታንያ

ሻሎም። እኛም እዚህ እስራኤል አሳይተን ነበር። የጎንደርን ደኖች ፊልም ለአረጋውያኖቻችን፣ በማኅበረሰብ ማዕከል ውስጥ፤ ከሌላ ከተማ ያሉት ደግሞ በስልክ ገብተው።

ልጆቹ «ደክመዋል፣ ይተኛሉ» ብለው ነበር። ማን ይተኛል! ፊልሙን አስቆሙት። አንዷ አያት «ያ ኮሶ ነው» አሉ። ሌላው «የለም፣ ጥቁር እንጨት ነው» ብለው ተከራከሩ። ከዚያ የትኛው ወንዝ በበጋ ይፈስ እንደነበር፣ የት ጋ ዝግባ እንደነበር ይቆጥሩ ጀመር። እነሱ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ነው። አካባቢውን የሚያውቁት ያኔ በነበረበት መልኩ ነው። ልጅ ልጆቻቸው እንዲህ ዓይነት ነገር ከአፋቸው ሰምተው አያውቁም።

ስለዚህ የእኔ ምክር፣ ሽማግሌ ካለ ፊልሙን አትቸኩሉበት። ያስቁሙት። የሚሉትን ቅዱት። ዲኤው «የየት ቀበሌ ነው» ብለው ይጠይቃሉ ያለው ልክ ነው። የእኛ አያቶች የቀበሌውን የድሮ መልክ ያውቃሉ፤ ጋይንት ላለ ወጣት ያ ራሱ ዜና ነው።

ሰሜን ለንደን

ናታንያ፣ ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ።

አንድ ፊልም ልጠቁም፤ ከሪያድ ለተነሳው ጥያቄ ይጠቅማል። ጆን ሊዩ እ.ኤ.አ. በ2009 «ሆፕ ኢን ኤ ቼንጂንግ ክላይሜት» የሚል ሠርቷል። ቻይና ውስጥ የሎስ አምባን ያሳያል፤ ራቁቱን የቀረ፣ በጎርፍ የተቆራረጠ አገር ነው። ገበሬው እርከን ሠራ፣ ፍየሉን ከዳገት አወረደ፣ ተራራው መልሶ ለመለመ። ከዚያ ፊልሙ ወደ ትግራይ፣ ወደ አብርሃ ወ አጽብሃ ይመጣል። እዚያ መንደሩ በድርቅና በተራቆተ መሬት ምክንያት ሰው ሊነሳበት የተቃረበ ነበር። ሕዝቡ ተራራውን ከለለ፣ ውሃ አገደ፣ ሞሞና የሚባለውን ዛፍ ማሳው ውስጥ ጠበቀ፣ የጉድጓድ ውሃ ወደ ላይ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል። ከጦርነቱ በፊት የነበረ ታሪክ መሆኑን ግን ለተመልካች ንገሩ።

ሌላው የያኩባ ሳዋዶጎ ነው። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ሰው ሁሉ አገር ጥሎ ሲሄድ በደረቁ ወራት ጉድጓድ እየቆፈረ ፍግ ይጨምርበት ነበር። «አብዷል» አሉት። ዛፎቹንም አቃጠሉበት። እንደገና ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተሸልሟል፤ በ2023 አርፏል። የሱን ፊልም ያየ ገበሬ «ገንዘብ የለኝም» ማለት ይከብደዋል፤ ያኩባ የያዘው መቆፈሪያ ነው።

ግልጹን

ያኩባን እኔም አይቻለሁ። እሱ ጥሩ ነው፤ ማንም አልላከውም። ዲያስፖራም አላዘዘውም።

ዲኤ ነኝ

ግልጹን እውነት ብሏል። ሁምቦንም ጨምሩበት። ወላይታ ውስጥ ነው። 2,728 ሄክታር ተራራ ከለሉ። ዋናው ሥራ አዲስ ችግኝ አልነበረም። መሬት ውስጥ ሕያው ሥርና ጉቶ ነበረ፤ እሱን ጠብቆ፣ ገርዞ፣ ከከብት አድኖ ማሳደግ ነው። አሠራሩን ያስተዋወቀው ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከያኩባ ጋር አብሮ ተሸልሟል። ግን ደኑን የያዙት ሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ደኑ ለሚይዘው ካርቦን የተከፈለው ገንዘብም ለእነሱ ነው የመጣው። ባለቤቱ ሲታወቅ ጠባቂው ይገኛል።

የጋይንት ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከቡድናችን ጋር ተነጋገርን። የደረስንበትን ልጻፍ፤ ስህተት ካለው አሁን ንገሩን።

በየሳምንቱ ፊልም ማሳየት አቁመናል። በወር አንድ። ፊልሙ ሐሙስ በቴሌግራም ይላካል፤ የፈቃድ ኢሜይል የጻፍነው ትናንት ነው፣ መልሱን እየጠበቅን ነው። እሑድ ለውይይት ብቻ። ካሜራ ግዴታ አይደለም። በድምፅ የተላከ ሐሳብ መጀመሪያ ይሰማል።

ከውይይቱ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ይጠየቃል። እዚህ ላለን ሰዎች ኮሚውኒቲ ሶላር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድማችን ስክሪን እያሳየ ያስሞላል። ለአገር ቤት ደግሞ አንድ ደብር። አንድ ብቻ። የየትኛው ደብር እንደሚሆን እኛ አንመርጥም። ዲያቆን፣ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ሊያገናኙን ቢችሉ።

ለካቡ ገንዘብ ማሰባሰብ ልንጀምር ነው።

ዲያቆን ነኝ ከደብረ ታቦር

አገናኛለሁ። ግን ገንዘቡን አሁን አትጀምሩት። አባቶች «ዲያስፖራ ብር ሰብስቧል» የሚል ከሰሙ ድንጋይ የሚለቅመው ሰው ነገ አበል ይጠይቃል። በነፃ ይሠራ የነበረው ሥራ ይቆማል።

ዲኤ ነኝ

እኔም ከዲያቆን ጋር ነኝ። ገንዘብ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። የሣር ዘርና የሣር ማጨጃ ማጭድ አንዱ ነው። ካቡ ከሚጀመርበት ወር በፊት ከብት ያላቸው ሰዎች በረት እንዲያዘጋጁ ማገዝ ሌላው። ካቡ ግን የእነሱ ይሁን።

መጀመሪያ እንዲሠራ የምፈልገው ቪዲዮ ነው። አስሮ የሚቀልብ ገበሬ አለ፤ ከዚያ ደብር ብዙ አይርቅም። ሚስቱ ደግሞ ከሱ ይልቅ ታወራለች። በስልኬ ልቀርፃት እችላለሁ፤ መቁረጥና ማቀናበር አልችልም።

አዲስ አበባ ኤዲተር

እኔ በነፃ አቀናብረዋለሁ። ስልኩን በጎን ያዘው፤ በቁም አትቅረፅ። ፀሐይ ከጀርባዋ አትሁን። ነፋስ ካለ ድምፁ ይበላሻል፤ በረቱ ውስጥ አናግራት። አጭር አጭር አድርገህ ላክልኝ። ኔት ካስቸገረህ ሚሞሪ ካርዱን በመኪና ላክ፤ አስመልስልሃለሁ።

ከሪያድ

ዲኤ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭደው እንድትጠይቃት አደራ። ወንዱ ፊት አትጠይቃት።

ዲኤ ነኝ

እሺ እህቴ። አብራኝ የምትሠራ ሴት ባልደረባ አለች፤ እሷ ትጠይቃት። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ቤት አይገኙም። ማክሰኞ እንሄዳለን።